ልጄ በስልክ ጥሪ ደንግጣ ወደቀች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ16 ዓመት ልጄ ሌሊት ስልክ ሲጮህ ደንግጣ ተነሳችና ራሷን ስታ ወደቀች፤ ሰውነቷም ተንቀጠቀጠ። ከዚያ በፊትም በትምህርት ቤት ደወል ተመሳሳይ ነገር ደርሶባት ነበር። የሚጥል በሽታ ነው ተብሎ መድኃኒት ጀምራለች። ሰሞኑን የተነሳችው ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ላይ ግን «ኪውቲሲ 510» የሚል አየሁ። ታናሽ ወንድሜም በወጣትነቱ በተኛበት ነው ያረፈው። ያሰጋል?
እናት፣ ከደሴ

መልስ፦ አዎ እህቴ፣ ያሰጋል። ወረቀቱን ይዘው በዚሁ ሳምንት የልብ ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ። የወንድምዎንም ነገር ሳይጠየቁ ይንገሩት።

ኪውቲሲ የሚባለው ቁጥር የልብ የታችኛው ክፍል በኤሌክትሪክ ተቀስቅሶ ለቀጣዩ ምት እስኪዘጋጅ የሚፈጅበት ጊዜ ነው፤ በሚሊ ሰከንድ ይለካል። ለሴት እስከ 460 ድረስ ደህና ነው፤ ከ500 ሲያልፍ አደጋው ከፍ ይላል። ማሽን ግን ይሳሳታል፤ በተለይ የመጨረሻዋ ሞገድ ዝርግ ስትሆን። ስለዚህ ሐኪሙ በእጁ እንዲለካው ይጠይቁ። በተለመደው የወረቀት ፍጥነት አንዷ ትንሽ ካሬ 40 ሚሊ ሰከንድ ናት።

ይህ ጊዜ ሲረዝም ፈረንሳዊው ሐኪም ደሰርተን እ.ኤ.አ. በ1966 «ቶርሳድ ደ ፕዋንት» ያለው ምት ሊነሳ ይችላል። ሞገዶቹ እንደተገመደ ገመድ ይጠማዘዛሉ፤ ደም ወደ አንጎል መድረሱ ይቋረጣል፤ ልጅቷ ትወድቃለች፣ ትንቀጠቀጣለች። ከሚጥል በሽታ ጋር የሚምታታውም በዚህ ነው። ድንገተኛ ድምፅ የሚቀሰቅሰው መውደቅ ደግሞ «ረጅም ኪውቲ» ከሚባለው ከዚህ ችግር በዘር የሚመጡ ዓይነቶች መካከል የሁለተኛው የታወቀ ምልክት ነው። ቢሆንም የጀመረችውን መድኃኒት በራስዎ አያስቋርጧት።

እኔን አብዝቶ የሚያስፈራኝ ያለ ማዘዣ የሚገዛው መድኃኒት ነው። ኤሪትሮማይሲን፣ አዚትሮማይሲን፣ ፍሉኮናዞል፣ ለወባ የሚሰጠው ክሎሮኪን ጭምር ይህንኑ ጊዜ ያስረዝማሉ። ጉንፋን ቢይዛት እንኳ ለፋርማሲው ባለሙያ ኢሲጂዋን ሳያሳዩ ምንም አይግዙላት። ተቅማጥና ትውከትም ፖታሲየም ስለሚያሳጡ ቀላል አድርገው አይዩአቸው።

ሕክምና አለው። ብዙዎች እንደ ፕሮፕራኖሎል ያለ መድኃኒት በየቀኑ እየወሰዱ ይኖራሉ፤ አደጋው ለከፋባቸው ደረት ላይ የሚቀበር መሣሪያ አለ።

ችግሩ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ከሆነ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ እኩሌታ ነው። ስለዚህ እርስዎ፣ አባቷና ወንድም እህቶቿ ሁሉ ኢሲጂ ተነሱ። የአንድ ቀን ኢሲጂ ደህና ቢመስልም ችግሩ የለም ማለት ስላልሆነ፣ መቼ መድገም እንዳለባችሁ ሐኪሙን ጠይቁት።