ሌባው የሚመጣው ማታ ነው፦ ስለ አሮጌ ፒክአፕ ኤሌክትሪክ ሦስት ጥያቄዎች

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ አሮጌ ፒክአፕ ኤሌክትሪክ ናቸው። ሦስቱም ጸሐፊዎች ለዕቃ ገንዘብ አውጥተዋል፤ ችግሩ ግን አልሄደም። ዛሬ ሌላውን ሁሉ ትቼ ከእነሱ ጋር ልቆይ።

ጥያቄ፦ «ፒክአፔ ናፍጣ ነው። ዕድሜው ከ30 ዓመት ያልፋል። ማታ ደህና አቆመዋለሁ፤ ጠዋት ቁልፉን ስጠመዝዝ ሞተሪኖው ጠቅ ብሎ ዝም ይላል። አዲስ ባትሪ ገዛሁ፣ ለውጥ የለም። ያገለገለ ዲናሞ አስገባሁ፣ እንዲያውም ባሰበት። ተገፍቶ ከተነሳ ግን ቀኑን ሙሉ ምንም አይል። አሁን ምን ልቀይር?»

መልስ፦ ምንም አይቀይሩ፣ ወንድሜ። መጀመሪያ ይለኩ። ተራ ቴስተር፣ ማለትም የቮልትና የአምፒር መለኪያ፣ ይበቃል።

ባትሪውን በቻርጀር ሞልተው ጥቂት ሰዓት ያሳርፉት። ከዚያ ሁለቱን ተርሚናሎች ይለኩ። 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው። 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህል ወርዷል። ቀጥለው ሞተሩን ያስነሱና እዚያው ላይ ደግመው ይለኩ። ከ13.8 እስከ 14.5 ካሳየ ዲናሞው ባትሪውን እየሞላ ነው። የእርስዎ መኪና ቀን ቀን ደህና ስለሚሠራ ይህን የሚያልፍ ይመስለኛል። እንግዲህ ሌባው የሚመጣው ማታ ነው።

እሱን ለመያዝ ቁልፉን ያውጡ፣ በሮቹን ይዝጉ፣ መብራት ሁሉ መጥፋቱን ይዩ። የባትሪውን ነጌቲቭ ገመድ ይፍቱ። ቴስተሩን 10 አምፒር ላይ አድርገው አንዱን ጫፍ በባትሪው ነጌቲቭ፣ ሌላውን በፈቱት ገመድ ላይ ያገናኙ። መኪናው ተኝቶ የሚጠጣው ሁሉ አሁን በቴስተሩ ውስጥ ያልፋል። በዚህ ሰዓት ሞተር ለማስነሳት እንዳይሞክሩ፤ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል።

ከ0.05 አምፒር በታች ከሆነ ጤና ነው። ሰዓትና ሬዲዮ የሚወስዱት ይህን ያህል ነው። ሰው ሁሉ ቶሎ የሚጠረጥረው የውስጥ መብራቱን ነው። ግን ባለ 5 ዋት አምፖል 0.4 አምፒር ብቻ ይወስዳል። ሌሊቱን ሙሉ ቢበራ እንኳ ደህና ባትሪ በአንድ ቀን አይገድልም። 3 አምፒር ካዩ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ12 ሰዓት 36 አምፒር ሰዓት ሄደ ማለት ነው፤ ከባለ 60 ባትሪ ከግማሽ በላይ።

አሁን ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ቴስተሩን ይመልከቱ። አንዱን ሲነቅሉ ቁጥሩ ከወረደ ችግሩ በዚያ ፊውዝ መስመር ላይ ነው። ሁሉም ተነቅሎ ቁጥሩ ካልተነቃነቀስ? ያኔ ዲናሞውን ይጠርጥሩ። ከዲናሞው ወደ ባትሪ የሚሄደው ወፍራም ሽቦ በትንንሾቹ ፊውዞች በኩል አያልፍም።

ልክ እንደ እርስዎ ያለ ፒክአፕ ሦስት ቀን አንገላቶኛል። ባለቤቱ ሬዲዮውን አስፈትቶ፣ አላርሙን አስነቅሎ ነበር የመጣው። አንድ ቀን በማለዳ ገብቼ ኮፈኑን ከፈትኩ። ሞተሩ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። እጄን ዲናሞው ጀርባ ላይ ሳሳርፍ ግን ለብ ይላል። ሌሊቱን ያልዞረ ዲናሞ ምን ያሞቀዋል? ውስጡ ያሉት ዳዮዶች ኤሌክትሪኩን ወደ ባትሪው ብቻ ማሳለፍ አለባቸው። አንዱ ሲበላሽ ባትሪው ወደ ኋላ ወደ ዲናሞው ይፈሳል። ከዚያ ወዲህ ሌሊት ባትሪ የሚጨርስ መኪና ሲመጣልኝ ከቴስተሩ በፊት እጄን እልካለሁ።

እርስዎም ነገ ጠዋት ይዳስሱት። ለብ ካለ ነጌቲቩን ፈትተው ያንን ወፍራም ሽቦ ከዲናሞው ላይ ያላቅቁ። ጫፉን በናስትሮ ጠቅልለው እንደገና ይለኩ። ቁጥሩ ወደ ዜሮ ከወረደ አገኙት። ዳዮዶቹን ብቻ ማስቀየር ይቻላል፤ ሌላ ዲናሞ አይግዙ። አንድ ነገር ግን አደራ። ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ ፈትቶ ዲናሞ የሚፈትን ሰው ካዩ ያስቁሙት። ገመዱ በተፈታባት ቅጽበት ቮልቱ ይዘላል፤ ደህናውን ዳዮድ የሚያቃጥለው አንዱ ነገር ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ «ዕቃ የማመላልስበት ፒክአፕ አለኝ። ፍሬን ስይዝ የግራ ፍሬቻው ደብዘዝ ብሎ ይበራል። ፍሬቻ ሳበራ ደግሞ የኋላው መብራት አብሮ ይጠቅሳል። አምፖሎቹን ሁሉ ቀየርኩ። የመብራት ማብሪያው ተበላሽቷል አሉኝ። እውነት ነው?»

መልስ፦ አይመስለኝም፣ እህቴ። መብራቶች እርስ በርስ ሲቀላቀሉ መጀመሪያ የምጠረጥረው ግራውንዱን ነው። ኤሌክትሪክ ወደ አምፖሉ ሄዶ አይቀርም፤ በቦዲው በኩል ወደ ባትሪው ነጌቲቭ መመለስ አለበት። የመመለሻው መንገድ ሲዘጋበት በጎረቤቱ አምፖል ክር በኩል ይሾልካል። የፍሬኑ ኤሌክትሪክ በፍሬቻው ዞሮ ሲመለስ ፍሬቻው ደብዘዝ ብሎ ይበራል።

ፒክአፕ በዚህ ከቤት መኪና ይብሳል። ካሶኒው፣ ማለትም የጭነት ሳጥኑ፣ ከሻንሲው (ከሥር ካለው የብረት አጽም) ተለይቶ በብሎን የታሰረ ነው። መሀሉ ላይ ቀለም፣ ዝገትና ጎማ አለ። ጭቃውና ውሃው ደግሞ የሚያርፈው እዚያው ነው።

የኋላ መብራቶቹን ያብሩ። ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርገው አንዱን ጫፍ የአምፖሉ መያዣ ብረት ላይ፣ ሌላውን ረጅም ሽቦ ቀጥለው ባትሪው ነጌቲቭ ላይ ያድርጉ። ዜሮ አጠገብ መሆን አለበት። ከ0.2 ቮልት ካለፈ የመመለሻው መንገድ ታሟል። ግራ በኩል 2 ወይም 3 ቮልት ቢያዩ አይደንግጡ።

ከመብራቱ ጀርባ የሚወጣውን የግራውንድ ሽቦ ተከትለው ብሎኑን ያግኙ። ፈትተው ሥሩን ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጉት፣ መልሰው ጠበቅ አድርገው ይሰሩት፣ ከላይ ግሪስ ይቀቡት። እኔ ከመብራቱ ቀጥታ ወደ ሻንሲው አንድ ተጨማሪ ሽቦ እጨምራለሁ። ከዚያ ወዲያ ካሶኒው ቢዝግም አያሳስብዎትም።

እግረ መንገድዎን ከሞተሩ ወደ ቦዲ የሚሄደውን የግራውንድ ገመድም ይዩ። ሞተር ወርዶ ሲገባ ብዙ ጊዜ ተረስቶ ይቀራል። ያ ገመድ በሌለው ፒክአፕ ላይ ሞተሪኖው ሲዞር የነዳጅ መስጫው ኬብል ሲጨስ በዓይኔ አይቻለሁ። የሞተሪኖው ኃይል ሁሉ በዚያች ቀጭን ኬብል ነበር የሚመለሰው።

ጥያቄ፦ «አባቴ የሰጠኝ ፒክአፕ ላይ የኋላ መብራቱ ፊውዝ ይቃጠላል። ባለ 15 ነበር። ጓደኛዬ ባለ 30 አድርግበት አለኝ፣ አደረግኩ። አሁን አይቃጠልም፤ ግን አንዳንዴ የፕላስቲክ ሽታ አለ። ችግር አለው?»

መልስ፦ አለው። ይህን አንብበህ ሳትጨርስ ሄደህ ያንን ባለ 30 ንቀለው። ፊውዝ የሚጠብቀው አምፖሉን ሳይሆን ሽቦውን ነው። ለ15 አምፒር የተሠራ ሽቦ ላይ 30 ስታስገባ ፊውዙ ይድናል፣ በእሱ ፈንታ ሽቦው ይቃጠላል። የሚሸትህም እሱ ነው። ሽቦው የሚያልፈው ከምትቀመጥበት ሥር ስለሆነ እስክታገኘው ድረስ ማታ አትንዳው።

የተነካካውን ሽቦ ለማግኘት ፊውዝ በከንቱ አታቃጥል። የፊውዙ ሁለት እግሮች የሚገቡበት ላይ ባለ 21 ዋት የፍሬን አምፖል በሽቦ አገናኝ። የኋላዎቹን አምፖሎች አውጣና መብራቱን አብራ። ሽቦው የሆነ ቦታ ብረት ነክቶ ከሆነ ያቺ አምፖል ደምቃ ትበራለች። ከ2 አምፒር በላይ ስለማታሳልፍ ሽቦው አይግልም። አሁን ከፊት ወደ ኋላ እየሄድክ ሽቦዎቹን በእጅህ ወዝወዝ አድርግ። አንድ ሰው አምፖሏን ይይልህ። ጭልጭል ካለች ወይም ከጠፋች እጅህ ያለው እዚያው ቦታ ላይ ነው።

መጀመሪያ ሽቦው ብረት በስቶ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ተመልከት። መከላከያ ጎማው ወልቆ የብረቱ ጠርዝ ሽቦውን ልጦት ይሆናል። ቀጥሎ በጭስ ማውጫው አጠገብ የሚያልፈውን፣ ከዚያ ተጎታች የሚሰካበትን ሶኬት እይ። ቦታውን ስታገኝ የቀለጠውን ቆርጠህ አውጣ፤ በዚያው ውፍረት አዲስ ሽቦ በጥስና ቀጥል፣ በናስትሮ ሸፍን፣ ቀዳዳው ላይ ጎማ አስገባ። ከዚያ ባለ 15ቱን መልስ።