ምልክት የሌለው ዘለበት የማን ሥራ ነው?

ልጆቼ፣

ሰሞኑን ከእናንተው አንዱ በስልክ የላከልኝ ጥያቄ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። «ጋሼ፣ ይህ የወታደር ቀበቶ ዘለበት የፋብሪካ ምልክት የለውም። ማን እንደሠራው በምን ይታወቃል?» ይላል። ፎቶው የሚያሳየው ፊቱን ብቻ ነው። የዘንድሮ ልጆች አሮጌ ዕቃ እጃችሁ ከገባ መጀመሪያ የምትጠይቁት ዋጋውን ነው፤ ገልብጦ ጀርባውን የሚያይ የለም።

ቁጭቱ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ገበያ የወጣ አንድ የናስ ዘለበት ነው። ሻጩ ገዢ ይወድልኛል ብሎ በሎሚና በአመድ አሽቶ አብርቶታል። የሎሚ አሲድ ከናሱ ዚንኩን ለይቶ ስለሚበላ ፊቱ ወደ መዳብ ቀልቷል። አመዱ ደግሞ የጀርባውን የሞረድ አሻራ ጨርሶታል። ከማጠፊያው ሥር ብቻ ፀጉር የምታህል፣ ከፍ ያለች መስመር ተርፋለች፤ እሷም ግማሿ ተፍቃለች።

ለመስመሯ የተንገበገብኩት በምክንያት ነው። ናስ በማተሚያ ብረት ተመትቶ ሲቀረጽ፣ ማተሚያው ከተሰነጠቀ ናሱ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ዘለበት ሁሉ ያችኑ መስመር ይዞ ይወጣል። ምልክት ባለው ዘለበት ላይ ያችው መስመር እዚያው ቦታ ከተገኘች ሁለቱ የአንድ ማተሚያ ልጆች ናቸው። ጭረት ግን ወደ ውስጥ የገባ ስለሆነ አይቆጠርም። ያም ሆኖ ማተሚያ ይሸጣል፣ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይሄዳል፤ «የአንድ ማተሚያ» እንጂ «የአንድ ፋብሪካ» ብላችሁ አትጻፉ።

ከዚያ በፊት ግን ተመትቶ ነው ወይስ ቀልጦ ፈስሶ የሚለውን ለዩ። ከስስ ናስ የተመታ ከሆነ የፊቱ ምስል ከጀርባው ጎድጉዶ ይታያል። የፈሰሰው ጀርባው ይሻክራል፣ የአየር ቀዳዳም አያጣውም። ከዋናው ላይ ቅርጹ ተወስዶ የፈሰሰ ቅጂ፣ ናስ ሲቀዘቅዝ 1.5 በመቶ ያህል ስለሚኮማተር፣ 60 ሚሊ ሜትር የነበረው 59 አካባቢ ይመጣል። ይህን ልዩነት በማስመሪያ በእርግጠኝነት መለየት ያስቸግራል፤ ካሊፐር (ከሚሊ ሜትር በታች የሚለካ መሣሪያ) ያዙ። ማግኔት ከሳበው ናስ የተለበጠ ብረት ነው።

ዘለበቱን ከቀበቶው ፈትቶ መሸጥ ደግሞ ሌላው ጥፋት ነው። በእንግሊዞች የ1937 እ.ኤ.አ. ሞዴል 57 ሚሊ ሜትር የሸራ ቀበቶ ላይ የሠሪው ስምና ዓመት ብዙውን ጊዜ የሚታተመው ሸራው ላይ ነው። በጀርመኖቹ ብዙ ጊዜ ከዘለበቱ ጋር የተያያዘችውን የቆዳ ምላስ ማየት ያስፈልጋል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ጎጃም ውስጥ ጣሊያንም እንግሊዝም ስላለፉ፣ የሁለቱም ዕቃ ተደባልቆ ቢመጣባችሁ አትደነቁ።

ስልካችሁን ሳማ ቆየሁ፣ ለዚህ ሥራ ግን ከማጉያ መነጽሬ ይበልጣል። ክፍሉን አጨልሙ፣ የአንዱን ስልክ መብራት ከጎን ዝቅ አድርጋችሁ አብሩ፣ በሌላው ጀርባውን ቀጥ ብላችሁ አንሱ። ከዚያ መብራቱን ሩብ ዙር እያዞራችሁ ሦስት ጊዜ ድገሙት፤ በአንዱ አቅጣጫ የተደበቀው መስመር በሌላው ጥላ ይጥላል። ዘለበቱን ሳትወለውሉ።