ፎርማት የማይፈውሰው የኤክስፒ ዝግታ

ጥያቄ፦ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ያላቸው አንዲት አንባቢ በዊንዶውስ ኤክስፒ የሚሠራ ፔንቲየም 4 ኮምፒዩተር አላቸው። ኮምፒዩተሩ ለመነሣት ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ፋይል ሲገለበጥ ማውዙ ይጎተታል፣ ድምፁም ይቆራረጣል፤ ጠዋት ሲከፈት ደግሞ ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ይገኛል። አንድ ጠጋኝ ሁለት ጊዜ ፎርማት አድርጎላቸዋል፣ ራም ጨምሮላቸዋል፣ «አየር እንዲያልፍ» ብሎም የሃርድ ዲስኩን ጠፍጣፋ ኬብል በክብ ኬብል ቀይሮላቸዋል። ከእያንዳንዱ ፎርማት በኋላ ማሽኑ ጥቂት ቀን ፈጥኖ ወደ ነበረበት ይመለሳል። የለመዱት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራምና በፓራለል ፖርት የሚሠራው ማተሚያቸው እንዳይቀርባቸው ወደ አዲስ ዊንዶውስ መሸጋገር አይፈልጉም፤ ማሽኑ እንዲፈጥን የዊንዶውሱን መልክ ማቅለል ይቻል እንደሆነም ጠይቀዋል።

መልስ፦ ከጻፉልኝ ሁሉ ትኩረቴን የሳበው ማሽኑ ከፎርማት በኋላ ጥቂት ቀን መፍጠኑ ነው። ችግሩ የራም ማነስ ቢሆን ኖሮ ፎርማት ለአንድ ቀንም ባላስተነፈሰዎት ነበር። ፋይል ሲገለበጥ ማውዙ መጎተቱ ሲጨመርበት፣ ጥርጣሬዬ ሃርድ ዲስኩ ዲኤምኤ ከሚባለው የአሠራር ስልት ወጥቶ ፒአይኦ ወደሚባለው አሮጌ ስልት ወርዷል፣ ያወረደውም ያ ክብ ኬብል ነው የሚል ነው።

ነገሩን ትንሽ ላብራራው፤ ብዙ ደህና ማሽን በዚህ ሳቢያ ተጥሏልና። በዲኤምኤ ስልት ዲስኩ መረጃውን በቀጥታ ወደ ራም ያስገባል፤ ፕሮሰሰሩ ትእዛዝ ሰጥቶ ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል። በፒአይኦ ግን እያንዳንዷን ቁራጭ መረጃ ፕሮሰሰሩ ራሱ ተቀብሎ ያደርሳል፤ ባለሱቁ ከመኪና ጆንያ እያወረደ በዚያው ደንበኛ ለማስተናገድ እንደሚሞክር ማለት ነው። ፍጥነቱም በሰከንድ ቢበዛ 16.6 ሜጋባይት ሲሆን፣ ከዲኤምኤ ፈጣን ደረጃዎች አንዱ የሆነው አልትራ ዲኤምኤ 5 ግን እስከ 100 ሜጋባይት ይፈቅዳል። ኤክስፒ ከዲስኩ ጋር ሲነጋገር የመዘግየት ወይም የመረጃ መበላሸት ስሕተት ካጋጠመው ይቆጥራል፤ ስሕተቶቹ ተጠራቅመው ስድስት ሲሞሉ ፍጥነቱን አንድ ደረጃ ዝቅ ያደርጋል፣ ስሕተቱ ከቀጠለ ደግሞ ደረጃ በደረጃ እስከ ፒአይኦ ያወርደዋል። ከወረደ በኋላ በራሱ አይመለስም። ፎርማት ቆጠራውን ከዜሮ ስለሚያስጀምረው ለጊዜው ያፈጥነዋል፤ ስሕተት አምራቹ ኬብል በቦታው ስላለ ግን ቁጥሩ እንደገና ይሞላል።

ማሽኑን ሳይከፍቱ ያረጋግጡ። ማይ ኮምፒዩተርን በቀኝ ተጭነው ከፕሮፐርቲስ ወደ ሃርድዌር፣ ከዚያ ወደ ዲቫይስ ማናጀር ይግቡ፤ በአይዲኢ (የሃርድ ዲስኩ ኬብል የሚሰካበት መስመር) መቆጣጠሪያዎች ሥር ፕራይመሪ አይዲኢ ቻናልን ከፍተው አድቫንስድ ሴቲንግስ የሚለውን ይመልከቱ። ከረንት ትራንስፈር ሞድ ላይ ፒአይኦ ካነበቡ ጥርጣሬዬ ልክ ነው። ዊንዶውስ ስሕተቶችን በሚመዘግብበት በኢቨንት ቪወር ውስጥም የሲስተም መዝገቡን ይዩ፤ ኤታፒአይ ከሚል ምንጭ ቁጥር 11 ከተደረደረ ኬብሉን ይጠርጥሩ፤ ዲስክ ከሚል ምንጭ ቁጥር 7 ካለ ግን ዲስኩ ራሱ ቁስል አለበትና ሌላውን ሁሉ ትተው ሰነዶችዎን ያውጡ። ቁጥር 7 ባይኖርም የደንበኞችን ሰነድ ገልብጠው ሳያስቀምጡ ወደ ጥገናው አይግቡ።

አሁን ኬዙን ይክፈቱ፤ አስቀድመው ግን የኃይል ገመዱን ከግድግዳው ይንቀሉ። ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ፓወር ሰፕላይ የሚባለውን የብረት ሣጥን በምንም ምክንያት አይፍቱት፤ በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ኃይል ይዘው ስለሚቆዩ ሰው ይጎዳሉ።

ክብ ኬብሉን አውጥተው ይጣሉት። ትክክለኛው ጠፍጣፋው ኬብል ነው፤ እሱም ሁለት ዓይነት ሲሆን ሁለቱም 40 ቀዳዳ ያለው ሶኬት ቢኖራቸውም፣ አሮጌው 40 ወፍራም ሽቦ፣ አዲሱ 80 ቀጫጭን ሽቦ አለው። ከ80ዎቹ ግማሾቹ ከመሬት ጋር የተገናኙና በየሁለቱ የመረጃ ሽቦዎች መካከል እንደ አጥር የቆሙ ናቸው። ርካሹ ክብ ኬብል ይህን አሰላለፍ አፍርሶ ሽቦዎቹን በአንድ ላይ ይጠቀልላቸዋል፤ ርዝመቱም ብዙ ጊዜ ከሚፈቀደው 45 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ለአየር ዝውውር ተብሎ መረጃ የሚያበላሽ ዕቃ መግጠም ጥገና አይባልም! አዲስ 80 ሽቦ ያለው ሲያገኙ ሰማያዊው ጫፍ ማዘርቦርዱ ላይ፣ በሌላው ዳር ያለው ጥቁሩ ሃርድ ዲስኩ ላይ ይሰካል፤ መካከለኛው ግራጫ ለሁለተኛ ዕቃ ነው። አጥፈው ወይም በኬዙ ክዳን ጨፍልቀው አይዝጉት።

ቀኑን የሚያስተው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ሲአር2032 ባትሪ ነው። በመለኪያ ከ2.8 ቮልት በታች ካሳየ ይቀይሩት፤ በጥቅል የሚሸጡት ስም የለሽ ባትሪዎች ሳይሠሩ የሞቱ ስለሚበዙባቸው አዲሱንም ሳይለኩ አይግጠሙ። ገመዱን መልሰው ከመሰካትዎ በፊት ከፓወር ሰፕላዩ ጀርባ ቀይ መምረጫ ካለ 230 ላይ መሆኑን ይመልከቱ፤ 115 ላይ ሆኖ በእኛ 220 ቮልት ከተሰካ ይፈነዳል።

ማሽኑ ሲነሣ ወደ ዲቫይስ ማናጀር ተመልሰው ፕራይመሪ አይዲኢ ቻናልን በቀኝ ተጭነው አንኢንስቶል ይበሉትና እንደገና ያስነሡት። ኤክስፒ ቻናሉን አዲስ አድርጎ ያገኘዋል፣ ዳግም እንዲያስነሡት ቢጠይቅዎም እሺ ይበሉት። ይህን ኬብሉን ሳይቀይሩ ቢያደርጉ ግን የፎርማቱ ታሪክ ይደገማል።

የዊንዶውሱን መልክ ማቅለልም ጠይቀዋል። በማይ ኮምፒዩተር ፕሮፐርቲስ ውስጥ ከአድቫንስድ ወደ ፐርፎርማንስ ገብተው አድጀስት ፎር ቤስት ፐርፎርማንስን ይምረጡ፤ የፊደል ጠርዝ የሚያለሰልሰውን ምርጫ ብቻ መልሰው ያብሩት፣ አለዚያ ቀኑን ሙሉ ሲተይቡ የአማርኛ ፊደል ያደክምዎታል። «ኮምፒዩተር አፍጣኝ» እየተባሉ የሚጫኑትን ፕሮግራሞች ግን ያራግፉ። ኤክስፒ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 8 ቀን 2014 ጀምሮ የደኅንነት ማሻሻያ ስለተቋረጠበት ከኢንተርኔት ያርቁት፤ የደንበኛ ፍላሽ ሲሰኩም ሺፍትን ተጭነው ይያዙ፣ ፍላሹ ላይ ያለው ነገር በራሱ እንዳይነሣ ያግዳል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ቻናሉ ዳግም ወደ ፒአይኦ ከወረደ፣ ገመዱን ከግድግዳው ነቅለው ሃርድ ዲስኩን ከነኬብሉ ወደ ሁለተኛው የአይዲኢ ሶኬት ያዛውሩት። እዚያም ከወረደ ዲስኩን ይቀይሩ፤ እዚያ ከጸና ግን የመጀመሪያው ሶኬት ተበላሽቷልና ሁለተኛው ላይ እንዳለ ይሥሩበት።