መልስ፦ በጀርመን ታንክ ውስጥ አምስት ሰው ለምን አስፈለገ?
ወንድሜ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ታንክ ውስጥ አምስት ሰው ምን ይሠራል፣ በዚያ ጫጫታስ እንዴት ይደማመጣሉ ብለህ ለጠየቅከው።

ቁልፉ ያለው መድፉን ይዞ የሚዞረው የላይኛው ክፍል ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 የፈረንሳዩ ሶሙዋ ታንክ አዛዥ እዚያ ብቻውን ነበር። ያዛል፣ ያነጣጥራል፣ ይተኩሳል። በጀርመኑ ፓንዘር 3 ታንክ ግን አዛዡ፣ ተኳሹና ጥይት አጉራሹ ሦስት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ አዛዡ ዓይኑን ከሜዳው አይነቅልም። ለእኔ ከብረቱ ውፍረት ይልቅ ትልቁ ብልጫ ይሄ ነው። ሾፌሩና ሬዲዮኛው ከፊት ናቸው፤ ሬዲዮኛው መትረየስም ይተኩሳል።

መደማመጡን በተመለከተ፣ ማይክሮፎኑ የሚታሰረው ጉሮሮ ላይ ነው። ሁለት ትንንሽ ክቦች ማንቁርቱን ግራና ቀኝ ጫን ይሉታል። ድምፁን ከጉሮሮ ንዝረት ስለሚወስዱ የሞተሩ ጩኸት ብዙም አይገባባቸውም።