ያረገዙ በጎች ይከተቡ ወይ ላልከው ወንድሜ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። አሠሪህ መንጋውን በሙሉ የማልታ፣ ማለትም በጎችን የሚያስወርደውና ወደ ሰውም የሚተላለፈው የብሩሴሎሲስ በሽታ፣ ክትባት ሊያስከትብ ነው። ግማሾቹ አርግዘዋል። እሱ ግን «ዓይን ላይ ጠብ የሚል ስለሆነ አይጎዳቸውም» ብሎሃል። እኔም ሳዑዲ፣ ቀሲም ውስጥ በግና ፍየል ስጠብቅ የደረሰብኝ ይኸው ነው።

1. ያረገዙትን ለይ። ለማልታ የሚሰጣቸው ሬቭ-1 የሚባለው ክትባት የሞተ ጀርም አይደለም። የተዳከመ፣ ግን በሕይወት ያለ ባክቴሪያ ነው። አንዱ ሙሉ መጠን ከ1 እስከ 2 ቢሊዮን ይይዛል። ያላረገዘችውን ብዙም አይጎዳትም። ያረገዘችው ላይ ግን እንግዴ ልጁ ውስጥ ገብቶ ሊራባና ሊያስወርዳት ይችላል። በእርግዝናው መሃል ሲሆን ይብሳል። የዓይኑ ጠብታ ከቆዳ ሥር ከሚወጋው ይሻላል፤ አደጋውን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። «መጠኑን ቀንሰን እንስጣቸው» የሚልህ ካለም እሺ አትበል። ውርጃው ሊመጣ ይችላል፣ መከላከያውም ይሳሳል።

2. ጊዜውን ምረጥ። ከ3 እስከ 6 ወር የሆናቸው ጠቦቶች ይከተቡ። ትልልቆቹ ደግሞ ወልደው ሲያጠቡ፣ ወይም አውራው ሳይገባባቸው። ይህን ለከታቢው ነግሬው ነበር! ከአንድ የእንስሳት ሕክምና ቢሮ የመጣ ሰው ነው። ያረገዙትን ጀርባቸው ላይ ቀይ ቀለም ቀብቼ ለይቼለታለሁ። «አንተ እረኛ ነህ፣ በጓን ያዝ» አለኝና ሁሉንም ጨረሰ። ከዚያ መጣል ጀመሩ። የመጀመሪያዋ የጣለችው ሽል ፀጉር እንኳ አላበቀለም። እንግዴ ልጁ ወፍሮ የደረቀ ቆዳ መስሎ ነበር። ቢሮው ሲጠየቅ «እረኛው መትቷቸው ይሆናል» አለ። አሠሪዬም ከደመወዜ ሊቆርጥ ተነሳ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ያዳነኝ ደብተሬ ነው። የጆሮ ቁጥራቸው፣ አውራው የገባባቸው ቀን፣ ጠብታው የተሰጠበት ቀን፣ ሁሉም ተጽፏል። ሌላ ሐኪም መጥቶ አየውና ከእንግዴ ልጁ ቆርጦ ላቦራቶሪ ላከ። የተገኘው የክትባቱ ባክቴሪያ ራሱ ሆነ። ደመወዜ አልተነካም። በዚያ እርባታ ከኔ በፊት መዝገብ የሚይዝ አልነበረም፤ አሁን አሠሪዬ ራሱ «ደብተሩን አምጣ» ይላል።

ደብተሩ ሌላም ቦታ ጠቅሞኛል። በጎቹ ሊሸጡ ደም ሲመረመር ሮዝ ቤንጋል የሚባለው ምርመራ ከፊሎቹን «በሽታ አለባቸው» አለ። ያ ምርመራ የሚያየው ፀረ እንግዳ አካልን፣ ማለትም ሰውነት ጀርሙን ለመዋጋት ደም ውስጥ የሚያወጣውን፣ ነው። ከክትባት ይምጣ ከበሽታ አይለይም። የዓይኑ ጠብታ የሚያመጣው ብዙውን ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ ይወርዳል። ከቆዳ ሥር የተወጋው ግን በተለይ በትልልቆቹ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ሲወርድ ደግሞ መከላከያው አለቀ ማለት አይደለም። ይህ ጀርም ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ገብቶ ስለሚደበቅ ዋናው መከላከያ የሴሎቹ ሥራ ነው። ስለዚህ መቼ፣ በየት በኩል እንደተከተቡ ሳታሳይ ማንም «ይታረዱ» እንዲል አትፍቀድ።

3. ለራስህ ተጠንቀቅ። አሠሪህ እምቢ ብሎ ካስከተበ የጣሉትን ሽልና እንግዴ ልጅ በባዶ እጅ አትንካ። ጓንት አድርግ፣ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረህ ቅበር፣ ውሻ እንዳይደርስበት። የተከተቡት ወተት ውስጥም ባክቴሪያው ሊወጣ ስለሚችል ሳይፈላ አትጠጣ። ጠብታው ዓይንህ ውስጥ ከገባ ወይም መርፌ ከወጋህ ትኩሳት እስኪመጣ አትጠብቅ፣ ያኔውኑ ሐኪም ቤት ሂድ። ክትባቱ ሬቭ-1 መሆኑንም ንገራቸው። ለማልታ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ስትሬፕቶማይሲን ነው፤ ሬቭ-1 ደግሞ እሱን ይቋቋማል። ስሙን ከጠርሙሱ ላይ በስልክህ ፎቶ አንሳው። አረብኛህ ባይበቃም ፎቶውን ታሳያቸዋለህ።