ሣሩ ሳስቶ ግራር የወረሰው የግጦሽ መሬት

ጥያቄ፦ የግጦሽ መሬቴ ከአንድ የዱር እንስሳት ጥብቅ ሥፍራ ጋር ይዋሰናል። ከወሰኑ ወዲያ ሣሩ ወገብ ይደርሳል፤ የኔ ግን እየሳሳ ሄዶ ግራር ወርሶታል። አምና አስመንጥሬው ነበር፤ ዘንድሮ ጭራሽ ባሰበት። ላቃጥለው ወይስ አርሼ የመኖ ሣር ልዝራበት?

መልስ፦ ማረሱ ይቅር፣ ማቃጠሉም ይቆይ። ሲታረስ የተረፉት ቋሚ ሣሮች ሥራቸው ተገልብጦ ይደርቃል፤ ቦታውን የሚይዘው የአንድ ወቅት አረም ነው። ከሌላ አገር የመጣ የመኖ ሣር ደግሞ ወሰኑን ተሻግሮ ጥብቅ ሥፍራውን ሊወር ይችላል።

ግራሩ የበረታው ሣሩ ስለደከመ ነው። ጤነኛ ሣር የላይኛውን አፈር ውሃ ቀድሞ ስለሚሻማ የግራር ችግኝ በጥማትና በጥላ ይቀጭጫል። ከብት ያለ ዕረፍት ሲግጠው ግን ውሃው ለእሾሁ ይተርፋል። በዚያ ላይ የግራር ዘር ቅርፊቱ ጠንካራ በመሆኑ ብዙው ሳይፈጭ ከእበት ጋር ይወጣል፤ አፈር ውስጥም ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል። ስለዚህ ፍሬ ሲበላ የሰነበተ ከብት ዘሩን ጥሎ እስኪጨርስ ሳምንት ያህል ሌላ ቦታ ይዋል።

ምንጣሮው ለምን እንዳልሠራ ለማየት አንዱን ጉቶ ቆፈር ያድርጉት። ግንዱና ሥሩ የሚጋጠሙበት አንገት ከመሬት ትንሽ ወረድ ይላል፤ አዲሱ ቀንበጥ የሚወጣው ከዚያ ነው። በመጥረቢያ ከመሬት በላይ ከተቆረጠ በአንድ ግንድ ፋንታ ብዙ ቀንበጥ ይመለሳል። አፈሩ እርጥብ ሳለ በዶማ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ቆፍረው ከአንገቱ በታች ይቁረጡ። ያመለጠውን ቅጠሉ ለስላሳ ሳለ ፍየል ደጋግማ ትቀንጥበው። ትልልቆቹን ዛፎች ግን አይንኩ፤ ከሥራቸው ያለው አፈር ለም ስለሆነ ጥሩ ሣር የሚገኘው ብዙ ጊዜ እዚያው ነው።

የቆረጡትን እሾህ ከምሮ ማቃጠል ብክነት ነው። በተራቆተው መሬት ላይ ሳሳ አድርገው ይበትኑት፤ ጎርፉን ያዘገያል፣ ነፋስ ያመጣውን ዘር ይይዛል፣ ለጋውን ሣር ከከብት አፍ ይጠብቃል።

ዘር ከመፈለግዎ በፊት መሬቱን በእግር ይቁጠሩት። በየአንድ ሁለት እርምጃው አንድ እግር ቋሚ ሣር ካገኙ ዕረፍት ብቻ ይበቃዋል። የሚዘሩት ሰፊ ራቁት መሬት ካለ ነው፤ ዘሩን ከጥብቅ ሥፍራው ለመልቀም የአስተዳደሩ ፈቃድ ያስፈልጋል። ለደረቅ አካባቢ ሴንክረስ ሲሊያሪስ የተባለው ሣር ጥሩ ነው፤ በሄክታር ከ2 እስከ 4 ኪሎ፣ አፈር ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ሳይለብሰው። ትኩስ ዘር ቶሎ ስለማይበቅል የአምናውን ይዝሩ። ቴሜዳ ትሪያንድራ የተባለው ሣርም እንዲሁ ከርሞ ነው የሚበቅለው። የዚህ ሣር ዘር ጥምዝ ጭራ አለው፤ ሲረጥብ ይፈታል፣ ሲደርቅ መልሶ ይጠመዘዛል፣ በዚህም ዘሩ ራሱን አፈር ውስጥ ይሰረስራል። ለመዝራት ይመቸኛል ብለው ጭራውን አይቁረጡት። የጠጠረ መሬት ላይ ግን መግቢያ ስለሚያጣ አስቀድመው ይጫጫሩለት።

በመጀመሪያው የዝናብ ወቅት ሣሩ ዘሩን እስኪያራግፍ ከብት አይግባ። ይህ ካልተቻለ ሌላው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው። ከዚያ በኋላ የሣሩን ቁመት ግማሽ አስቀርተው ያስግጡ። ለብዙ ዓመት ጭራሽ መዝጋትም አይበጅም፤ በተለይ ቴሜዳ ካልተነካ የገዛ ድርቆሹ አፍኖት ከመሐል ይሞታል።

እሳትን የሚያስቡት ሣሩ ካገገመ በኋላ ነው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ቦታ ከአሥር ያላነሰ ሥፍራ ላይ አጭደው፣ አድርቀው ይመዝኑ። አማካዩ 200 ግራም ከሆነ በሄክታር 2,000 ኪሎ ማለት ነው፤ በዚህ መጠን የሚነሳ እሳት ሣሩን ይጨርሳል እንጂ ግራሩን እምብዛም አይጎዳም። ወደ 400 ግራም ሲጠጋ ከ2 ሜትር በታች ያለውን ቁጥቋጦ እስከ መሬት ያወርደዋል፤ ሥሩን ግን አይገድልም፣ ስለዚህ ፍየሎቹ ቀንበጡን ሊከተሉ ይገባል። ያለ ጥብቅ ሥፍራው አስተዳደር ፈቃድና እሳቱ እንዳይሻገር ሣሩ የተጠረገ መስመር ሳይኖር ክብሪት አይጫር፤ የተቃጠለው መሬት ላይም አዲሱ ሣር እስኪጠነክር ከብት አይለቀቅ።