ቀኑን ቁጠሩ፦ የጥቁሩን ሞት መንገድ ለምታጠኑ ወጣቶች

የጤናም ሆነ የታሪክ ተማሪ የሆናችሁ ልጆቼ፣

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓን ስለፈጀው፣ ጥቁሩ ሞት ስለሚባለው ቸነፈር ስትጠየቁ የምትመልሱት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «አይጥ አመጣው፤ ከሕዝቡ ሲሶውን ጨረሰ»። ውሸት አይደለም፣ ግን ጥሬ ነው። አንድ ወረርሽኝ እንዴት ተዛመተ የሚለውን አውቃለሁ የሚል ሰው እያንዳንዷ እርምጃ ስንት ቀን እንደፈጀች መናገር አለበት። ስለዚህ ካርታና ወረቀት ይዛችሁ ተቀመጡ። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቁንጫዋ ጀምሩ። በሽታውን የሚያመጣው ዬርሲኒያ ፔስቲስ የሚባለው ባክቴሪያ ነው፤ አሌክሳንደር ዬርሲን ሆንግ ኮንግ ላይ የለየው በ1894 ነው። ቁንጫ ከታመመ አይጥ ደም ስትመጥ ባክቴሪያው አብሮ ይገባል። ከጨጓራዋ በፊት ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ላይ ይጣበቅና እየተራባ እንደ ቡሽ ይወትፋታል። ከዚያ ወዲያ የምትመጠው ደም ወደ ሆዷ አይወርድም። ይርባታል፤ ስለራባት ያገኘችውን ሁሉ ደጋግማ ትነክሳለች፤ በነከሰች ቁጥር ደሙ ውታፉን መትቶ ባክቴሪያ ይዞ ወደ ተነከሰው ቆዳ ይመለሳል። ለመወተፍ ከአምስት ቀን ገደማ እስከ ጥቂት ሳምንታት ይፈጅባታል። ሳትወተፍም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልታስተላልፍ ትችላለች፣ ግን በደከመ አቅም ነው። ሙቀቱ ከ28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ደግሞ ውታፉ በደንብ አይያዝም። ይህን ሳታውቁ ስለ ወቅትና ስለ በሽታው መፋፋም ብታወሩ ግምት ብቻ ይሆንባችኋል።

ቁንጫዋ አይጧን ትታ ወደ ሰው የምትመጣው ወዳ አይደለም። አይጧ ስትሞት ሬሳው ይቀዘቅዛል፣ ቁንጫዋም ሌላ ሙቅ ገላ ትፈልጋለች። ሌላ አይጥ እስካለ ድረስ ግን ሰው ሁለተኛ ምርጫዋ ነው። ስለዚህ በሰው ላይ በሽታው የሚታየው በቤቱ ጣሪያና በእህል ጎተራው ያሉት አይጦች ካለቁ በኋላ ነው። ኦሌ ቤኔዲክቶቭ የተባለው የኖርዌይ የታሪክ ምሁር ሂሳቡን እንዲህ አስቀምጦታል፦ የአይጦቹ መንጋ እስኪያልቅ ከ10 እስከ 14 ቀን፣ የተራቡት ቁንጫዎች ወደ ሰው እስኪዞሩ 3 ቀን፣ በተነከሰው ሰው ላይ ምልክቱ እስኪታይ ከ3 እስከ 5 ቀን፣ ታሞ እስኪሞት ሌላ ከ3 እስከ 5 ቀን። ደምሩት። ትንሹ 19፣ ትልቁ 27፣ መካከለኛው 23 ቀን ይመጣል። በሽታው ከተማ ገብቶ የመጀመሪያው ሰው እስኪቀበር ሦስት ሳምንት ያልፋል ማለት ነው። በዚያ ሦስት ሳምንት ገበያው እንደወትሮው ይውላል፣ መርከቡ ይራገፋል፣ ነጋዴው ወደሚቀጥለው ከተማ ይሄዳል።

በሽተኛው ላይም ቢሆን የሚነበብ ነገር አለ። ንፍፊቱ በብሽሽት በኩል የሚበዛው ቁንጫ ብዙ ጊዜ የምትነክሰው እግርን ስለሆነና ከእግር የሚመጣው ፈሳሽ ብሽሽት ላይ ወዳሉት ዕጢዎች ስለሚሄድ ነው። እጅ ላይ የተነከሰ ሰው ብብቱ ያብጣል። ይህ ዓይነቱ ካልታከመ ከያዛቸው ውስጥ ከ30 እስከ 60 በመቶ ይገድላል። ሳንባ ውስጥ ከገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በሳል ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፣ ያለ መድኃኒት የሚተርፍም የለም ማለት ይቻላል። የሮማው ሊቀ ጳጳስ የክሌመንት 6ኛ ሐኪም ጊ ደ ሾሊያክ በዛሬዋ ፈረንሳይ አቪኞን ላይ ሁለቱንም ለይቶ ጽፏል። በሽታው በ1348 ጃንዋሪ ሲገባ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ትኩሳትና ደም መትፋት ነበር፣ ሰው በሦስት ቀን ይሞታል፤ ከዚያ በኋላ ትኩሳቱ ከንፍፊት ጋር መጣ፣ ሰው በአምስት ቀን ይሞታል። መጽሐፍ ላይ «ቡቦኒክ» የሚል ቃል ስታዩ ሁሉንም በንፍፊት አትፈርጁት፤ መጀመሪያ ወሩን ተመልከቱ፣ ከዚያ ስንት ቀን ታመው እንደሞቱ።

አሁን ወደ መርከቡ። ሁላችሁም የምታውቁት የካፋ ወሬ አለ፦ የወርቃማው ሆርድ (የሞንጎሎች መንግሥት) ገዢ ጃኒ ቤግ በክራይሚያ ያለችውን የጄኖአውያን ከተማ ካፋን ከቦ ሳለ ሠራዊቱ በቸነፈር አለቀ፣ ሬሳውንም በመንጀኒቅ፣ ድንጋይ በሚወረውረው የጦር መሣሪያ፣ ወደ ከተማው ወረወረ፣ የሸሹት ጄኖአውያን በሽታውን ወደ ጣሊያን ወሰዱ። ወሬው የሚያዝ ነው፤ ለዚህም ነው የማይሞተው። የጻፈው ጋብሪኤሌ ዴ ሙሲ የጣሊያኗ የፒያቼንዛ ሰው ነው፣ በቦታው አልነበረም። ይህንንም ተዉትና ቀኑን ቁጠሩ። በከበባው ሠፈር ወረርሽኙ የተነሳው በ1346 ነው፤ ቁስጥንጥንያ የደረሰው ግን በ1347 ነው። ታማሚ ጭነው የሸሹ መርከቦች ቢሆኑ ኖሮ ጥቂት ሳምንት በሚፈጅ ጉዞ ይህን ያህል ጊዜ ባልጠፋ ነበር፤ የታመመ ሰው ብቻ የጫነ መርከብም ወደብ ሳይደርስ ያልቃል። የተሻለው መልስ እህሉ ነው። ቬኒስና ጄኖአ ከሆርዱ ጋር ተጣልተው የጥቁር ባሕር ንግድ ተዘግቶ ነበር። በ1347 እርቅ ሲወርድ የእህል መርከቦች ተንቀሳቀሱ። እህል ባለበት አይጥ አለ፣ የቁንጫ ዕጭም በእህል ብናኝ ውስጥ ይመቸዋል። እኔ ከመንጀኒቁ ይልቅ ጆንያውን አምናለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በካርታው ላይ ምልክት አድርጉ፦ በ1347 በኦክቶበር ወር አሥራ ሁለት የጄኖአ መርከቦች ሲሲሊ ውስጥ መሲና ገቡ። የመሲና ሰዎች ነገሩ ሲገባቸው አባረሯቸው፣ ግን በሽታው ቀድሟቸው ነበር፤ የተባረሩትም ወደ ሌላ ወደብ ይዘውት ሄዱ። በኖቬምበር ማርሴይ፣ ወደ 1348 መግቢያ ላይ ጄኖአና ቬኒስ፣ በጸደይ ፍሎረንስ፣ በዓመቱ አጋማሽ ፓሪስ። እንግሊዝ ሜልኮም በምትባል ትንሽ ወደብ ገባ፤ የዘመኑ መነኮሳት ጁን 24 ከሚውለው የቅዱስ ዮሐንስ በዓል ጥቂት ቀደም ብሎ ይላሉ። በዚያው በ1348 መገባደጃ ለንደን ደረሰ፣ በ1349 ከእንግሊዝ በተነሳ መርከብ ኖርዌይ ውስጥ በርገን ደረሰ። በባሕር በቀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በዋና መንገድ 2 ኪሎ ሜትር፣ በገጠር መንገድ ከዚያም ያነሰ ፍጥነት ነው። ስለዚህ ዝላይና መዳኽ አብረው ነበሩ፤ ካርታችሁ ላይ እንደ ዘይት ጠብታ እየሰፋ የሚሄድ ክብ ካያችሁ መጥፎ ካርታ ነው የያዛችሁት።

ለዚህ ከሞስኮ የበለጠ ማስረጃ የለም። ሩሲያ ለወርቃማው ሆርድ ጎረቤት ነበረች፤ ሆርዱ ውስጥ በሽታው በ1346 ነበር። ሞስኮ የገባው ግን በ1353 ነው፤ ያውም በምዕራብ በኩል፣ በባልቲክ ዞሮ በ1352 ፕስኮቭን ካገኘ በኋላ። ቅርብ ያለው ጎረቤት ጋ የደረሰው አውሮፓን ከዞረ በኋላ ነው። ቸነፈር ርቀት አይለካም፤ የሚለካው የንግድ መንገድ ነው።

አይጥን ብቻ ለምትወዱ ደግሞ አንድ ነገር ላንሳ። በ2018 የወጣ ጥናት የዘጠኝ ወረርሽኞችን የሞት መዝገብ በሦስት ዓይነት ሞዴል ሞክሮ፣ በሰባቱ የሰው ቁንጫና የሰው ቅማል የሚለው ሞዴል ከአይጥና ከሳንባው የተሻለ እንደገጠመ አሳይቷል። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። እንደ እኔ ግን አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል አያስፈልግም፦ ባሕር ለመሻገር አይጥና ጭነት፣ ሠፈር ውስጥ ከቤት ቤት ለመግባት የሟች ልብስና አልጋ። የሟች ልብስ ተሸጦ በሚለበስበት ዘመን ቅማል ሥራ አይፈታም።

የማስረጃ ጉዳይ ላይ ጠንቃቃ ሁኑ። ለንደን ኢስት ስሚዝፊልድ በወረርሽኙ ጊዜ ከተከፈተው መካነ መቃብር የወጡ ጥርሶች ውስጥ የባክቴሪያው ዘረመል በ2011 ተነበበ። በ2022 ደግሞ በኪርጊስታን ኢሲክ ኩል ሐይቅ አጠገብ፣ በ1338 እና በ1339 ከተቀበሩ ሰዎች ጥርስ ያው ባክቴሪያ ተገኘ። መቃብሮቹ ላይ በሱርስት (በጥንቱ የሶርያ ክርስቲያኖች ቋንቋ) የተጻፈው ቃል «ማውታና» ነው። ግዕዝ ለሚያውቅ ማስተርጎም አያሻውም፤ «ሞተ» ከሚለው ግሥ ጋር አንድ ሥር ነው። ቃሉ ግን ብቻውን ምስክር አይሆንም ነበር፤ ጥርሱ ነው ያጸናው። እኛም ዘንድ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ደብረ ብርሃን ላይ ስለወረደው መቅሠፍት ተጽፏል። «ብድብድ» ወይም «ቸነፈር» የሚል ባያችሁ ቁጥር ጥቁሩ ሞት ነው ለማለት አትቸኩሉ፤ እነዚህ የብዙ ሰው ሞት ስሞች እንጂ የምርመራ ውጤት አይደሉም።

የሟቹ ቁጥር ላይም እንዲሁ። ሲሶ የሚል አለ፣ ቤኔዲክቶቭ 60 በመቶ ይላል። በ2022 በ19 አገሮች ከ261 ቦታዎች የተወሰደ የአበባ ብናኝ ሲመረመር ደግሞ በመካከለኛው ጣሊያንና በስዊድን እርሻው ተጥሎ ጫካ ሲውጠው፣ በፖላንድና በአየርላንድ እርሻው እንደቀጠለ ታየ። ለአንድ አህጉር አንድ ቁጥር መስጠት ስንፍና ነው።

ቀን መቁጠር ሰውን ከሐሰት ክስም ያድናል። አይሁድ ጉድጓድ መርዘዋል ተብሎ በ1349 ፌብሩዋሪ 14 በስትራስቡርግ ሲቃጠሉ በሽታው ከተማዋ ገና አልደረሰም ነበር። ክሌመንት 6ኛ በ1348 ባወጡት ደብዳቤ አይሁድም እየሞቱ እንደሆነ፣ አይሁድ በሌሉበት አገርም በሽታው እንዳለ ጽፈው ነበር። ስለ ባክቴሪያ ምንም አያውቁም፤ የት እና መቼ ብለው ግን ጠይቀዋል።

ለልምምድ ይህን ልስጣችሁ። የራጉሳ ምክር ቤት፣ የዛሬዋ ዱብሮቭኒክ፣ በ1377 ጁላይ 27 ከታመመ አገር የመጣ ሁሉ በመርካን ደሴት ወይም በጻቭታት አንድ ወር ሳይቆይ ከተማ እንዳይገባ ወሰነ። በኋላ ቬኒስ 40 አደረገችው፤ ኳራንታይን የሚለው ቃል ከዚያ ነው። ለሰውየው ብቻ ከሆነ 30 ቀን ይበዛል፤ ምልክቱ እስኪታይ ቤኔዲክቶቭ ካለው 5 አልፋችሁ ቢበዛ 7 ቀን፣ ታሞ እስኪሞት 5 ብትሉ 12 ነው። የአይጡን ሰዓት ብትወስዱ ግን ከፍተኛው 27 ነበር፣ የሚተርፈው ሦስት ቀን ብቻ ነው። አሁን ሰውየው ደሴቷ ላይ ተቀምጦ ጭነቱ ወደብ ላይ ተራግፏል እንበል፤ አንዲት አይጥም በመልሕቁ ገመድ ላይ ተራምዳ ወርዳለች። ወረቀታችሁ ላይ ስሌቱ በስንተኛው ቀን እንደሚበጠስ ፈልጉና ጻፉ።